የድሮ የቻይና ባለ ፓምፕ ፋኖስ መሰብሰብና መጠገን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምታወሩት ስለ የትኛው ፋኖስ ነው?

በክር ስለሚነደው፣ መስተዋቱ ከፍ ተደርጎ በክብሪት ስለሚለኮሰው ተራ ፋኖስ አይደለም። ይሄኛው ከታች ክብ ታንክ፣ በጎኑ ፓምፕ፣ ከላይ ኮፍያ አለው፤ ሲበራ ደግሞ ሳያቋርጥ «ሽሽሽ» ይላል። እንደየአካባቢው ማሾም ፔትሮማክስም ሲሉት ይሰማል። ኤሌክትሪክ ባልገባበት ወይም በጠፋበት ሁሉ ለሠርግ ድንኳን፣ ለለቅሶ ቤት፣ አምሽቶ ለሚዘጋ ሱቅ የሚፈለገው እሱ ነበር።

አሠራሩን ቀድሞ መረዳት ያዋጣል፤ ከታች ያሉት መልሶች ሁሉ የሚመዘዙት ከዚህ ነው። ታንኩ ውስጥ ላምባ ይሞላና በፓምፑ አየር ይነፋበታል። አየሩ ላምባውን በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ይገፋዋል። ቱቦው በእሳቱ አጠገብ ስለሚያልፍ ላምባው መንገድ ላይ ተን ይሆናል። ተኑ ከቱቦው ጫፍ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ተስፈንጥሮ ይወጣና ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ወደ ታች ይመለሳል፤ ከዚያም ከሸክላ በተሠራ አፍ ላይ የታሰረው የጨርቅ መረብ ውስጥ ይነዳል። ዓይን የሚያጠፋውን ነጭ ብርሃን የሚሰጠው የጋለው መረብ ነው። ነበልባሉ ራሱ ደብዛዛ ሰማያዊ ነው፤ ቢጫ ነበልባል ካዩ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

የቻይናው የጀርመኑ ቅጂ አይደለም እንዴ? ምኑ ይሰበሰባል?

ቅጂ ነው፤ መካድ አያስፈልግም። ፔትሮማክስን የሠራው በርሊን የነበረው የኤህሪሽ ኡንድ ግሬትስ ፋብሪካ ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1910 አካባቢ ነው። ስሙ ከፔትሮሊየም እና ከፋብሪካው መሪ ከማክስ ግሬትስ የመጀመሪያ ስም የተገጣጠመ ነው። ያ ንድፍ በኋላ በብዙ አገር ተቀድቷል፤ በብዛትና በርካሽ ለአፍሪካና ለእስያ ገበያ ያዳረሱት ግን የቻይና ፋብሪካዎች ናቸው። በመልሕቅ ምልክቱ የሚታወቀው ሲ አንከር እና ባለ ቢራቢሮው በተርፍላይ በሰብሳቢ እጅ በብዛት የሚገኙት ናቸው።

የአውሮፓ ሰብሳቢዎች የቻይናውን ዝቅ አድርገው ያዩታል። ምክንያት አላቸው፦ የኒኬል ቅቡ ስስ ነው፣ የብሎን ጥርሶቹ አንዳንዴ አይገጥሙም፣ የተኗ ቀዳዳ በትክክል ሳትበሳ የወጣች ፋኖስም ታጋጥማለች። ግን በታንጋኒካና በቪክቶሪያ ሐይቆች ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ዓሣ አጥማጆች ዳጋ የምትባለዋን ትንሽ ዓሣ ወደ መረባቸው ሲጠሩ የኖሩት በእንዲህ ያሉ ፋኖሶች ነው፤ በስዋሂሊ ካራባይ ይሏቸዋል። በርሊን የተሠራውን መስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጥ ብዙ ነው። የቻይናው ግን ብዙ ሰው የሠራበት ዕቃ ነው፤ እኔ ለእሱ የማደላውም ለዚህ ነው።

ለጀማሪ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ልኩ ከፔትሮማክስ የተወሰደ ስለሆነ መረቡ፣ መስተዋቱ፣ ሸክላው፣ የፓምፑ ቆዳ አብዛኛውን ጊዜ ይገጥማሉ። ጥርስ ያላቸውን ክፍሎች ግን ሳይለኩ አይግዙ።

ላዩ ላይ ያለው ቁጥር የተሠራበት ዓመት ነው?

አይደለም። 950፣ 829 እና የመሳሰሉት የሞዴል ቁጥሮች ናቸው። 350 ወይም 500 የሚለው ደግሞ በሻማ የተለካ የብርሃን ጉልበት ነው፤ እሱንም ሻጮች ማጋነን ይወዳሉ። ባለ 500 ሻማው ፔትሮማክስ አንድ ሊትር ያህል ላምባ ይዞ ለ8 ሰዓት ያህል ይበራል ተብሎ የተሠራ ነው።

ታዲያ ዕድሜውን በምን አውቃለሁ?

ትክክለኛ ዓመት የተጻፈበት እምብዛም አይገኝም። ማጥበብ ግን ይቻላል።

መጀመሪያ ታንኩ ላይ የተቀረጹትን የቻይና ፊደሎች በማጉያ ይዩ። ቻይንኛ ማንበብ አያስፈልግዎትም። ቻይና ፊደሎቿን በይፋ ማቅለል የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። «አገር» የሚለው ፊደል አራት ማዕዘን ሳጥን ነው፤ በድሮው አጻጻፍ ሳጥኑ ውስጥ ጥቃቅን ሰረዞች ተጨናንቀው ይታያሉ፣ በአዲሱ ግን ሦስት አግድም መስመር፣ አንድ ቁም መስመርና አንዲት ነጥብ ብቻ ናቸው። የቀለለው ፊደል ያለበት ፋኖስ ከ1956 ወዲህ የተሠራ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። የድሮው ፊደል መኖር ግን ብቻውን አሮጌነትን አያረጋግጥም፤ ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ ላይ የድሮውን የቀጠሉ ነበሩ።

ቀጥሎ በላቲን የተጻፈውን የከተማ ስም ይመልከቱ። ቻይና ለውጭ በሚወጡ ጽሑፎቿ አዲሱን የላቲን አጻጻፍ መጠቀም የጀመረችው ከእ.ኤ.አ. 1979 መባቻ ነው። ካርቶኑ ላይ «ቲየንትሲን» ተብሎ የሚነበብ ካለ የቀድሞው፣ «ቲያንጂን» ካለ የኋለኛው ነው። ሻንጋይ በሁለቱም ያው ሻንጋይ ስለሆነ አይረዳዎትም፤ የሚያሳዝነው ብዙው የሻንጋይ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ማግኔት ነው። ታንኩን ካልሳበው ነሐስ ነው፤ ከሳበው ብረት ነው። ነሐሱ በአብዛኛው የቀድሞው ሲሆን ርካሹ ብረት እየቆየ መጣ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ኢትዮጵያና ቻይና የዲፕሎማሲ ግንኙነት የመሠረቱት በኅዳር 1963 ዓ.ም. ነው። «ስለዚህ አገር ውስጥ ያለ የቻይና ፋኖስ ሁሉ ከዚያ ወዲህ የገባ ነው» የሚል ክርክር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ነጋዴ ኤምባሲ እስኪከፈት አይጠብቅም፤ በዚህ ዕድሜ አይቁረጡ።

ከየት ይገኛል?

አዲስ አበባ ላይ መርካቶ ምናለሽ ተራ የመጀመሪያው ነው። በየሰፈሩ የሚዞሩት ቁራሌዎች ደግሞ ከምናለሽ ተራ ቀድመው ያገኙታል፤ አንዱን ደንበኛ ካደረጉት ለኪሎ ከመሸጡ በፊት ይደውልልዎታል። ከሁሉም የሚሻለው ግን የዘመድ ዕቃ ቤት ነው፤ አክስትዎን ወይም አያትዎን ይጠይቁ። ኮፍያውና መስተዋቱ ጠፍቶ ታንኩ ብቻ እህል መስፈሪያ አጠገብ ተቀምጦ ሊያገኙት ይችላሉ።

ስለ ዋጋ ቁርጥ ያለ ነገር ማለት አይቻልም። የማይበራውን ሲገዙ ግን በነሐስ ኪሎ ዋጋ ይደራደሩ። «አንቲክ ነው» ብሎ የሚጀምር ሻጭ ጋር ብዙ አይቁሙ።

ልገዛው ስል ምን ልይ?

ታንኩን ይገልብጡት። ታቹ ወደ ውስጥ የገባ መሆን አለበት። ወደ ውጭ አብጦ ከተወዛወዘ ከመጠን በላይ ተነፍቷል ወይም እሳት ውስጥ ገብቷል፤ ለጌጥ ይሁን እንጂ አያብሩት። ከዚያ ወገቡን ዞረው በጣት ይዳስሱ፦ በየዳ የተለጠፈበት ቦታ ካለ የሚሰነጠቀው እዚያው ነው።

ክዳኑን ከፍተው ያሽትቱ። የላምባ ሽታ ካለ ችግር የለም። የቤንዚን ሽታ ካለው ጎማዎቹና ማሰሪያዎቹ ተበልተዋል ብለው ያስቡ። በስልክ መብራት ውስጡን ይዩ፤ የብረት ታንክ ከውስጥ የሚዝገው ላምባው ውስጥ ካለው ውኃ ነውና ታቹ ላይ ቡናማ ቅርፊት ሊኖር ይችላል።

የጎኗ ማዞሪያ ካልዞረች በጉልበት አያዙሯት። ውስጥ ያለችው፣ የተኗን ቀዳዳ የምትጠርገው መርፌ ትሰበራለች። መስተዋት፣ መረብ፣ የግፊት መለኪያ ቢጎድል ይተካል። የተን ቱቦው ከነጥቅልሉ ከጠፋ ወይም የቱቦው ጥርስ ከተበላ ግን ሌላ ይፈልጉ።

ቤት ካመጣሁት በኋላ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

አይወልውሉት! ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከመወልወል ነው። መጀመሪያ መብራት የሚችል መሆኑን ይወቁ።

ያለውን ላምባ አውጥተው ታንኩን በትንሽ ንጹሕ ላምባ ያለቅልቁ። ከዚያ ያለ ነዳጅ ክዳኑን አጥብቀው ዐሥርና ዐሥራ አምስት ጊዜ ይንፉና ታንኩን ውኃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ይድፈቁት። አረፋ ከየት እንደሚወጣ ይዩ። ከክዳኑ ከሆነ ጓርኒሲዮኑን (ማሸጊያውን) መቀየር ነው። ከማስተንፈሻዋ (የታንኩን አየር ከምታስወጣው) ብሎን ከሆነ ብዙ ጊዜ ጫፏ ቆሽሾ ነው። ከተን ቱቦው ሥር ከሆነ የእርሳስ ቀለበቱ አርጅቷል። ከታንኩ ስፌት ከሆነ ደግሞ ፋኖሱ ለመደርደሪያ ነው።

የማይፈታ ብሎን ካለ ላምባና የሞተር ዘይት ቀላቅለው አንድ ሁለት ቀን ይዘፍዝፉት። ፒንሳ ከመጠቀምዎ በፊት በጨርቅ ይጠቅልሉት፤ የነሐስ ጥርስ ለስላሳ ነው።

የዛገ የብረት ታንክ ውስጥ ኮምጣጤና አንድ እፍኝ ትናንሽ ብሎኖች ጨምሮ መነቅነቅ ይሠራል። ነሐስ ላይ ግን ኮምጣጤ ሳያዩት አያሳድሩ፤ ዚንኩን በልቶ መዳብ መዳብ የሚመስል ሮዝ ቀለም ይተውበታል። አሞኒያ ያለበትን ማጽጃም ያርቁ። የተወጠረ ነሐስ በአሞኒያ ፀጉር በመሰለ መስመር ይሰነጠቃል፤ ይህ ታንክ ደግሞ ሥራው መወጠር ነው።

ፓምፑ አይነፋም፤ ምን ሆኖ ነው?

ሁለት የተለያዩ ሕመሞች አሉ፤ ሰው ስለሚያምታታቸው ያልተበላሸውን ሲፈታ ይውላል።

እጀታው ያለ ምንም ተቃውሞ ከገባና ከወጣ ቆዳው ደርቋል። ፓምፑን ይንቀሉት፤ በዘንጉ ጫፍ የጽዋ ቅርጽ ያለው ትንሽ ቆዳ ያገኛሉ። የሞተር ዘይት ውስጥ ያሳድሩት፤ በማግሥቱ ከንፈሩን በጣት ወደ ውጭ ገፋ ገፋ አድርገው መልሰው ይግጠሙት። ብዙው በዚህ ይድናል። የተቀደደ ከሆነ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄደው ቀጭን የጫማ ፊት ቆዳ ይግዙ፤ ከቱቦው አፍ ሰፋ ያለ ክብ ቆርጠው ውኃ ያስነክሩት፣ በቱቦው አፍ ልክ በሆነ ክብ ነገር ላይ ጎንበስ አድርገው አስረው ያድርቁት፣ ከዚያ ዘይት ያጠጡት። ፋብሪካ ከሚልከው ይልቅ ዕድሜ ያለው ነው።

እጀታው በራሱ እየተገፋ ከወጣ ወይም ፓምፑ ውስጥ ላምባ ካገኙ ደግሞ ችግሩ ከቱቦው ሥር ያለው አየር የማያስመልሰው ቫልቭ ነው። ውስጡ በስፕሪንግ የምትገፋ ትንሽ የጎማ ጠፍጣፋ አለች፤ ትደርቃለች ወይም ትጎደጉዳለች። ረጅም ጠባብ ካቻቪቴ ይፈልጋል። የምትተካውን ከብስክሌት የውስጥ ጎማ አይቁረጡ፤ ላምባ ያሳብጠዋል። ለነዳጅ የሚሆን ጎማ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያገኛሉ።

እሳቱ ቢጫ ሆኖ እስከ ኮፍያው ይንቦገቦጋል። ተበላሽቷል?

ብዙ ጊዜ አልተበላሸም፤ አልሞቀም። ቱቦው ሳይግል ከተከፈተ ተን ሳይሆን ፈሳሽ ላምባ ይረጫል። ማስተንፈሻዋን ከፍተው፣ ማዞሪያዋን ዘግተው፣ ከቱቦው ሥር ያለችውን ጽዋ በአልኮል ሞልተው ይለኩሱ። አንዱ ጽዋ ነዶ ሲያልቅ ሁለተኛ ይሙሉ፤ ቀዝቃዛ ቦታ ያለ ሰው ሁለተኛውን አይተወው። ጽዋው ነበልባል ላይ እያለ ግን ከጠርሙስ አይጨምሩ። ሁለተኛው ሊያልቅ ሲል ማስተንፈሻዋን ዘግተው ጥቂት ይንፉና ማዞሪያዋን በዝግታ ይክፈቱ። መረቡ ነጭ ሆኖ ከያዘ በኋላ መለኪያው ቀዩ መስመር እስኪደርስ ይንፉ። አንዳንዱ ፋኖስ በጎኑ በግፊት የሚነድ ፈጣን ማሞቂያ አለው፤ እሱ አልኮል አይፈልግም፣ ግን ጢሱ ግድግዳ ያጠቁራል፤ ደጅ ይለኩሱት።

በደንብ ሞቆም ቢጫ ከሆነ ሁለት ነገር ይጠርጥሩ። አንዱ የተኗ ቀዳዳ ናት፦ መርፌዋ ለዓመታት ስትፈትጋት ትሰፋለች፤ መጥረግ አያድናትም፣ ትቀየራለች። ሌላው ቱቦው ውስጥ የተጋገረ ጥላሸት ነው፤ ይህኛው ብርሃኑን ያደክማል፣ ያርገበግበዋልም። ቱቦውን ፈትተው፣ መርፌና ዘንጉን አውጥተው፣ ከሰል ላይ ደብዛዛ ቀይ እስኪመስል ብቻ ያግሉት፤ ሲበርድ በእንጨት መታ መታ ሲያደርጉት ጥቁር ዱቄት ይወርዳል። ከዚያ በላይ ካጋሉት ነሐሱ ይቀልጣል።

ናፍጣ የተቀላቀለበት ላምባም ቱቦውን በጥቂት ሌሊት ይደፍነዋል። ጥርጣሬ ካለዎት ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ያድርጉ፤ ንጹሑ ላምባ ቀስ ብሎ ይተንና እምብዛም ዱካ አይተውም፣ ናፍጣ ግን ቅባቱን ጥሎ ይሄዳል።

ላምባ አጣሁ፤ ቤንዚን ላድርግ?

በፍጹም። ላምባ የሚቀጣጠል ተን ለመስጠት ቢያንስ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መሞቅ አለበት፤ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ ይሰጣል። ታንኩ ደግሞ ከእሳቱ አንድ ስንዝር ነው። በቤንዚን የሚሠሩ ሌሎች ፋኖሶች አሉ፤ እነሱ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ይህኛው አይደለም። በዚህ ጉዳይ ላይ «እኔ አድርጌው ምንም አልሆንኩም» የሚል ሰው ምክር አይሰሙ።

በዚያው፦ ነዳጅ የነካን ታንክ ሳልዳቱራ ቤት ከመላክዎ በፊት በሳሙናና በሙቅ ውኃ ደጋግመው ያጥቡት፣ ለበያጁም ምን እንደነበረበት ይንገሩት። ባዶ የሚመስል ታንክ ውስጥ የቀረ ተን ከሙሉው ይልቅ ይፈነዳል።

መረቡ ጨረራ አለው የሚባለው እውነት ነው?

የድሮው አለው፤ መጠኑ ግን ትንሽ ነው። የመረቡን ነገር የፈለሰፈው የኦስትሪያው ኬሚስት ካርል አወር ፎን ቬልስባኽ ነው፤ የተሳካለት ቅልቅል፣ እ.ኤ.አ. በ1891 የወጣው፣ 99 ከመቶ የቶሪየም እና 1 ከመቶ የሴሪየም ኦክሳይድ ነበር። ቶሪየም ጨረር አፍላቂ ነው። አሁን በይትሪየም የሚሠሩ አሉ፤ ካገኙ እነሱን ይግዙ።

መፍራት ያለብዎት አመዱን ነው። መረቡ አንዴ ከነደደ በኋላ ጨርቁ ይጠፋና በነፋስ የሚፈርስ የአመድ ቅርጽ ይቀራል። ሲሰበር አይንፉት፣ አያሽትቱት። እርጥብ ወረቀት ይዘው ያንሱት፣ እጅዎን ይታጠቡ፤ ምግብ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይም አይቀይሩት። አዲስ መረብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነድም ጢስ ስለሚያወጣ ደጅ ያድርጉት።

ቤት ውስጥ ማብራት እችላለሁ?

መስኮት ተከፍቶ፣ ሰው ነቅቶ፣ ለጥቂት ጊዜ። የከሰል ጭስ ስንት ቤት እንደዘጋ ለእኛ ሰው አይነገርም፤ የዚህም መርዛማ ጋዝ ከዚያው ነው፣ ያውም ሽታ የለውም። አብርተው አይተኙ። ከኮፍያው በላይ ቢያንስ አንድ ሜትር ክፍት ይሁን፤ ጣሪያው የሸራ ድንኳን ከሆነ ከዚያም ይራቅ።

ልወልውለው ወይስ እንዳለ ልተወው?

እኔ እተወዋለሁ። ላምባና ጨርቅ ቆሻሻውን ያነሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የሚወስደው ቅቡን ነው፤ የቻይናው የኒኬል ቅብ ደግሞ ስስ ነው። ከሥር ያለው ቢጫ ነሐስ በነጠብጣብ ብቅ ካለ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ የለም። አንዳንዱ ኒኬሉን ጨርሶ ፈግፍጎ ነሐሱን እንደ ወርቅ አብርቶ ይሸጣል፤ የማያውቅ ገዢ ይወደዋል፣ ፋኖሱ ግን ፋብሪካው ያላወጣውን መልክ ይይዛል። በተለይ የባለቤቱ ስም በምስማር የተጫረበት ካለ እንዳይነኩት። ዕድር ወይም ሱቅ ምልክቱን ቀለም ቀብቶበት ከሆነም እንዲሁ።

አምፖል አስገብቼ በኤሌክትሪክ ባደርገውስ?

የእርስዎ ነው። ግን ታንኩን አይብሱ። ሽቦውን በመረቡ በኩል አድርገው፣ የወጣውን ሁሉ በፌስታል አስረው ታንኩ ላይ ያንጠልጥሉ፤ የሚቀጥለው ሰው ሊመልሰው ይችላል።

ወደ ውጭ አገር ይዤ መሄድ ወይም ማስላክ እፈልጋለሁ።

ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ላለ ቤተሰብ የሚላክ ፋኖስ ችግሩ ሽታው ነው። ነዳጅ የሚሸት ዕቃ አየር መንገዱ ሊመልሰው ይችላል። ታንኩን በሳሙና አጥበው፣ ክዳኑን ከፍተው ፀሐይ ላይ ብዙ ቀን ይተዉት፤ አፍንጫዎን አስጠግተው ምንም ካልሸተተዎት በኋላ ይሸክፉ፤ ከመሄድዎም በፊት አየር መንገዱን ይጠይቁ። መስተዋቱን አውጥተው ለብቻው በልብስ ይጠቅልሉ፤ ክዳኑን ከታንኩ ለይተው ያሽጉ፣ ፍተሻ ላይ ውስጡ እንዲታይ። መረቡ መንገድ ላይ መፍረሱ አይቀርም፤ ትርፍ ሦስት አራት ይያዙ፣ ደረቅ ስለሆነ ፖስታ ውስጥ ይገባል።